ናቲ የሌለበት ክፍል ሰባት

ሰኞ

ክፍል ሰባት ገባ።

ከድር ደውሎ ሲነግረኝ ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ሰልፍ ይዤ ነበር። «የመጨረሻው ነው እኮ ሜሪ! ሰዉ ሱቁን ሊያፈርስብኝ ነው» አለ። የያዝኩት ወረቀት ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ። ከኋላዬ የነበረው፣ እንደኔ የጉምሩክ ወረቀት የሚያስጨርስ ትራንዚተር እየለቀመ ሰጠኝና «ምነው፣ መርዶ ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ።

ከድር አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ትርጉም ፊልም ይሸጣል። «የጨው ግንብ» የሚባለውን፣ ያንን የዘንዶና የነገሥታት ፊልም፣ ስድስቱንም ክፍል ያወጣነው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮ ነው። ፊልሙ ከወፍራም መጽሐፍ የተሠራ ነው፤ እኔ ንግግሩን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ወንድሜ ናቲ ይናገረዋል። ንጉሡንም፣ ንግሥቲቱንም፣ ዘንዶውንም፣ ፈረሱንም እሱ ብቻውን።

ይናገረው ነበር። ሞጆ መግቢያ ላይ ተሳቢ ገጭቶ ከገደለው ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ለሥራ ስመላለስ በየቀኑ በዚያች ቦታ አልፋለሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ብሩን እዘረጋለሁ። የተኛሁ ይመስለዋል።

እማዬ አታውቅም። ልቧን ታማ ኩየራ አክስቴ አልማዝ ቤት ተኝታለች። ሐኪሙ ድንጋጤ አይሆንላትም ስላለ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እስኪሻላት መርዶው ይቆይ ተባለ። ጅቡቲ ወደብ ሥራ አግኝቶ ሄደ ያልኳት እኔ ነኝ። ሥራ በዝቶበት ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ስልኩ ባሕር ገባ። የወደብ ሰው ስለሆንኩ ውሸቱ ይመቸኛል።

ማታ በቪዲዮ ስትደውል ጥቁሩን አውልቄ ቀይ ሹራቤን ለበስኩ። «የአልማዝ ልጆች የመጨረሻው ወጣ አሉኝ። ይሄ ፊልም ሲያልቅ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ ብሎኝ ነበር። ጅቡቲ ሆኖ ነው የሚሠራው?» አለች።

«አዎ፣ ከዚያ ሆኖ ይልካል» አልኳት። ይሄን ቀድሜ አላሰብኩትም፤ ብቻ ከአፌ ወጣ።

ማክሰኞ

የስቱዲዮው ወንበር ላይ የናቲ ሹራብ አሁንም ተሰቅሏል። ከድር አላነሳውም። እኔም አላነሳሁትም።

ከድር ጥፋት ያለበት ሰው አይደለም፤ ይሄን ልጻፈው። የወሎ ሙስሊም ነው፣ ናቲ የተቀበረ ቀን ግን ሱቁን ዘግቶ ከእኛ ከጴንጤዎቹ ጋር መቃብር ድረስ ሄዶ አፈር አልብሷል። ዛሬ እጄን ይዞ አስቀመጠኝና «እንዳትቆጪ» አለኝ። ከስድስቱ ክፍል የናቲን ድምፅ ለቅሞ ድምፅ ለሚያስመስለው ኤአይ ሰጥቶታል። ናቲ ያልተናገረውን ነገር ሁሉ አሁን በራሱ በናቲ ድምፅ ማስነበብ ይችላል። «ወላሂ ለገንዘብ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለገንዘብም ነው። ግን ሰዉ የሚጠብቀው እሱን ነው።» ከዚያ ከፈተው።

ናቲ ነው። ከክፍል ሰባት ትናንት ማታ ጽፌ የላክሁትን፣ እሱ አይቶት የማያውቀውን ቃል እየተናገረ ነው። ከድር በሥራው ኮርቶ «ትንፋሹን ሳይቀር ጠርጎ አጠፋው፣ ስሚ እንዴት ጥርት እንዳለ» ይላል። ተነስቼ ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ ቤት በር ደርሼ፣ ሳልወርድ ተመለስኩ።

አንድ ጊዜ ድገመው አልኩት። ደጋገመው።

ቤት ገብቼ የክፍል ሰባትን ጽሑፍ ቀጠልኩ። ያስቸገሩኝ፦

ጠንቋዩ። እማዬ የድሮ ዘማሪ ስለሆነች ጠንቋይ ያለበት ፊልም ቤቴ አይገባም ብላ ነበር። ስለዚህ በስድስቱም ክፍል አንድ ጠንቋይ የለም፤ ናቲ ሁሉንም «ሊቅ» አደረጋቸው። ድግምት ሲደግሙ «ምርምር ላይ ናቸው» ይላል። ሊቁ ይመራመርና ሰውየው እንቁራሪት ይሆናል። እማዬም አምና ታያለች፣ ወይም ያመነች ትመስላለች።

የልዑሉ ሞት። በዚህ ክፍል ይሞታል።

መስኮቱ። ይሄ ከሁሉ ይብሳል። በየክፍሉ ንግሥቲቱ የግንቡን መስኮት ከፍታ የዘመተ ልጇን መንገድ ታያለች። ፊልሙ ላይ አትናገርም። ናቲ ግን አንድ ቃል ይሰጣታል፤ «መጣ?» ትላለች። የእማዬን ነው የወሰደው። አባታችን በሕይወት ሳለ ተሳቢ ይነዳ ነበርና፣ እማዬ ከማድ ቤት የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር «መጣ?» ትላለች፣ ናቲ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ «ገና ነው!» ይላል። ፊልሙን ስናይ ደግሞ ንግሥቲቱ «መጣ?» ስትል፣ እማዬ ሶፋው ላይ ሆና «ገና ነው!» ብላ ትመልስና ትስቃለች።

በክፍል ሰባት ንግሥቲቱ መስኮቱን የምትከፍተው ልጇ ከሞተ በኋላ ነው።

ረቡዕ

አደረግኩት።

ከሥራ ቀርቼ ከድር ጋ ሄድኩና ይህን ጻፍኩለት፦ «እማዬ፣ ናቲ ነኝ። ደህና ነኝ፣ አይዞሽ። ክፍል ሰባትን እየጨረስኩ ነው።» ከድር ጽሑፉን አየና እኔን አየኝ። «ሜሪ፣ እኔ ለፊልሙ ነው ያልኩሽ» አለ። «ተጫን» አልኩት። በድምፅ መልእክት ላክሁላት።

ከሰዓት አልማዝ እያለቀሰች ደወለች። ክፉ ነገር መሰለኝ። ለካ ደስታ ነው። እማዬ ከአልጋ ወርዳለች፣ በልታለች፣ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ሞቃለች። አልማዝ እውነቱን ታውቃለች፤ «ምንድን ነው ያሰማሻት? እኔንም እኮ ተነስቶ የመጣ መሰለኝ» አለችኝ። ነገርኳት። «እንኳን በላች» ብላ ዘጋችው።

እኔም ለራሴ እንኳን በላች አልኩ። ደጋግሜ አልኩት።

እማዬ ኋላ ራሷ ደውላ የናቲን ብርድ ልብስ አውጥቼ እንዳጥብ አዘዘችኝ። ሊመጣ ነዋ። አጠብኩት። ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ነፋስ ሲነፋው ሰው ከሥሩ የተነሳ ይመስላል። መጋረጃውን ዘጋሁት።

ሐሙስ

እማዬ መልስ ላከች። ለኔ አይደለም፣ ለናቲ። «ለወንድምሽ አስተላልፊልኝ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አለው።

ሞጆ ሻይ ቤት ተቀምጬ ከፈትኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ደግሞ ክፍል አምስት ተከፍቷል፤ ናቲ በዘንዶ ድምፅ እየሳቀ ነው፣ ሾፌሮቹም አብረው ይስቃሉ። በአንድ ጆሮዬ እሱ፣ በአንድ ጆሮዬ እማዬ።

«ናቲዬ፣ የኔ ጌታ፣ ድምፅህን ሰማሁ፣ ተመስገን። ግን ልጠይቅህ። ምነው ስትናገር አትተነፍስም? ደጋግሜ አዳመጥኩህ፣ ትንፋሽህ የለም። ታመሃል እንዴ ልጄ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልደነግጥም።»

ናቲ ከልጅነቱ አፍንጫው ይዘጋ ነበርና ሲናገር ትንፋሹ ይሰማል። ማታ ማታ በዚያ ትንፋሽ ነው መኖሩን የምናውቀው።

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። ምን ልመልስላት ነው? ከድርን ሳል ጨምርበት ልበለው? ነገ ደግሞ ለምን አትመጣም ስትለው ምን ብሎ እንዲመልስላት ልጽፍለት ነው? እማዬን ከድንጋጤ እየጠበቅኳት መስሎኝ ነበር። ለካ የሌለ ሰው አጠገቧ አስቀምጬባታለሁ። ፈራሁ። ናቲ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ አልፈራሁም።

ስመለስ በቀጥታ ጋሽ ቶሎሳ ቤት ሄድኩ። ጎረቤታችን ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም። እንደ ሁልጊዜው «አካም ኦልቴ ኢንተለ ኮ?» አሉኝ። እንዴት እንደዋልኩ ሳይሆን ያደረግኩትን ነገርኳቸው። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ዛሬም አልተቆጡም፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኛ መርዶ በስልክ አንነግርም። አንቺ ጭራሽ የሞተው በስልክ እንዲናገር አደረግሽ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ? ብትሞትብኝስ?»

«ሐኪሙን አስጠይቂ። ከፈቀደ ቅዳሜ እንሄዳለን። እኔ እነግራታለሁ፣ አንቺ ግን ፊቷ ትቆሚያለሽ።»

አልማዝ አስጠየቀች። ሐኪሙ ተሽሏታል፣ ነርስ አጠገቧ ትሁን እንጂ ይነገራት ብሏል። አልተኛሁም።

ዓርብ

ክፍል ሰባትን በራሴ ድምፅ ተናገርኩት። ስድስት ክፍል ሙሉ ከበስተጀርባ ተደብቄ ጽፌ፣ ዛሬ የናቲ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ሹራቡን ሳላነሳ ተደግፌው።

ዘንዶዬ ጉንፋን የያዛት አስተማሪ ትመስላለች። ከድር እየሳቀ ዕንባውን ጠረገ። ንጉሡ ትንሽ ይሻላል። ጠንቋዩን «ሊቁ» አልኩት፤ ለስድስት ክፍል ሊቅ የነበረን ሰው በመጨረሻው ከማዕረጉ አላወርደውም። ይሄ የዛሬ ድሌ ነው።

ልዑሉ ሲሞት ድምፄ ተሰበረ። ከድር ደግመን እንሥራው ሲል አይሆንም አልኩ።

መስኮቱ ደረሰ። ንግሥቲቱ ከፈተችው። «መጣ?» ማለት አቃተኝ፤ ሌላም ቃል አጣሁ። ማይኩ ፊት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ እስክትዘጋው ድረስ።

ከድር መልሶ ሲሰማው «እዚህ ጋ ትንፋሽሽ ገብቷል፣ ላጥፋው?» አለ።

«ተወው» አልኩት። «ያንኛውን አጥፋ። የማሽኑን ናቲ።»

አልተከራከረኝም። «አጥፋ» የሚለውን ራሴ እንድጫን ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ከመጥፋቱ በፊት አልሰማሁትም።

ሰምቼዋለሁ። አንዴ ብቻ።

ቅዳሜ

ሻሸመኔ ነን። እማዬ እንዳታየን እዚህ አድረን ንጋት ላይ ኩየራ እንገባለን።

አውቶቡሱ ገና ከአዳማ ሳይወጣ ክፍል ሁለትን ከፈተ። ናቲ ባቱ ከተማን አብሮን አለፈ። ሕፃናቱ ንግግሩን በቃላቸው ይዘውታል፣ ቀድመውት ይናገራሉ። ጋሽ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው «ላስጠፋው?» አሉኝ።

«ይተዉት ጋሼ» አልኩ። ይሄኛው ይተነፍሳል።

እሁድ

ጎህ ሲቀድ ገባን።

በሩ ሲከፈት እማዬ ጋሽ ቶሎሳን አየች፣ ነርሷን አየች፣ ከዚያ እኔን። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ለብሼ አየችኝ። ማንም ሳይናገር «ናቲ ነው?» አለች።

«አዎ እህቴ» አሏት ጋሽ ቶሎሳ።

ጩኸቷን አልጽፈውም። ነርሷ እጇን ይዛ ነበር፣ ልቧ ቻለ። ጎረቤት ሞላ፣ ተጸለየ፣ ተዘመረ። መሃል ላይ ድንገት ቀና አለችና ሁሉንም ዝም አሰኘች።

«ታዲያ ረቡዕ ያናገረኝ ማነው?»

ጋሽ ቶሎሳ አዩኝ።

«ማሽን ነው እማዬ። ያስደረግኩት እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ረቡዕ

ሰሞኑን መጻፍ አልቻልኩም። እማዬ አታናግረኝም። ውኃ ስሰጣት ትቀበላለች። ለአልማዝ «ይቺን ልጅ እንድትበላ ንገሪያት» ትላለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ። የሚመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ «ማሽን እንደሚናገር ታውቃላችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። እነሱ አይገባቸውም፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ሰው ሲሳሳ፣ ግድግዳውን እያየች «ያ ፊልም እንዴት ሆነ? ማን ጨረሰው?» አለች።

አልማዝ በዓይኗ ገፋችኝ። «እኔ» አልኩ።

«ክፈቺው።»

«ልቅሶ ቤት ዘንዶ ይታያል እንዴ?» አለች አልማዝ።

«ጠንቋይ እንደሆነ የለበትም» አለቻት እማዬ። አልሳቀችም።

ፍላሹን ሰካሁት። ተጋድማ አየች። ዘንዶዬን ስትሰማ በአፍንጫዋ እፍ አለች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላውቅም። ልዑሉ ሲሞት ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ በእጇ ከለከለችኝ።

ንግሥቲቱ ደረጃውን ወጣች። መስኮቱን ከፈተች። እማዬ ከትራሷ ቀና አለች። «ገና ነው» ልትል እንደሆነ ከንፈሯ ላይ አየሁት። የጠየቃት ግን የለም። ነፋሱ ብቻ፣ ባዶው መንገድ ብቻ።

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«ይሄ ማነው?» አለች።

«ምኑ እማዬ?»

«የሚተነፍሰው።»

«እኔ ነኝ። የምለው አጥቼ ዝም ስል ማይኩ ክፍት ነበር።»

መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ ሰማችው። ከዚያ ፊቷን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሰችና በአልጋዋ ጠርዝ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እስቲ መልሺና ድገሚው፣ ሜሮኔ።»

ከእሁድ ወዲህ በስሜ ስትጠራኝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ደገምኩት።