ከጋቢ ሥር ስለሚገቡ መጻሕፍት

ለተከበሩ አቶ ጌታነህ፣
የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ከብትዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኛ መጽሐፍ ከማጣታችን በቀር ደኅና ነን፣ ተመስገን።

እንደሚያውቁት በሶሲዮሎጂ ተመርቄ ወደ ጋይንት ከተመለስኩ ወዲህ፣ ሥራ እስካገኝ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ አምስት ሰው ሰብስቤ፣ ስድስት ሆነን በየአርቡ ከገበያ መልስ ጮክ ብለን እናነባለን። የምንፈልገው ስለ ኅብረተሰብና ስለ ሰው ጠባይ የሚያወጋ፣ ልብ ወለድ ያልሆነ፣ በሦስት ገበያ የሚያልቅ አጭር መጽሐፍ ነው። ገበሬው አቶ እሸቱ «አጭር ከሆነ እስከ እርሻ ድረስ አብሬያችሁ ነኝ፤ ከረዘመ ግን በሬዎቼ ይቀድማሉ» ብለውናል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ቀጫጭኖቹን መጻሕፍት በሙሉ «ከጋቢ ሥር ይገባሉ» ብለው በብረት ቁም ሳጥን ስለቆለፉልን እናመሰግናለን። እስካሁን አንድም አልጠፋም። አንድም አልተነበበም።

፪. «ስለ ማኅበራዊ ኑሮ» ብንልዎ ከጋቢ ሥር የማይገባ ባለ ስድስት መቶ ገጽ የንብ እርባታ ጥራዝ አውርደው «ከንብ የበለጠ ማኅበራዊ ማን አለ?» ስላሉን የዕውቀትዎን ስፋት አድንቀናል። አቶ እሸቱ ቀፎ ስላላቸው ተጠቅመውበታል። ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ደጊቱ ግን «እኔ የሰው ነገር መስሎኝ ነው የመጣሁት» ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመልሰዋል።

፫. በዚህ ብርድ ጋቢያችንን በርዎ ላይ አውልቀን ብንገባ፣ «ኮትም ኪስ አለው» ብለው የጥንቃቄዎን ጥልቀት ስላሳዩን እናመሰግናለን፤ ጉንፋኑም አልቀረብን።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ልተወውና ስድስት የነበርነው አራት ቀርተናል። ነርሷ መቅደስም «የሚመጣው አርብ ያው ንብ ከሆነ እኔ ስልኬን እነካካለሁ» ብላለች፤ እሷ ከቀረች ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው። እርሻ ሊገባ የቀረን አምስት ገበያ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ብቻ ያውሱን። ለመያዣ ዲግሪዬን አስቀምጣለሁ፤ ለጊዜው የሚፈልገው ስለሌለ አይቸግረኝም።

በንባብ ክፍልዎ አግዳሚ ወንበር ላይ በትዕግሥት ተቀምጣ የምትጠብቅዎ፣ የጥንቃቄዎ ታማኝ አድናቂ፣

የትናየት መልካሙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ሰው የሚያወጋ አጭር መጽሐፍ ስናጣ ራሳችን መጻፍ ጀምረናል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ የፊታችን አርብ ከገበያ መልስ ለሕዝብ ይነበባል። አጨራረሱን ገና አልወሰንንም፤ እስከዚያው እርስዎ ቢወስኑልን ደስ ይለናል።