አንገቱ ባሕር ዛፍ፣ ዘርፉ የድንች አበባ

ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት

ጥለቱ ላይ ነኝ። ድሩ ተወጥሯል። እግሬ ጉድጓድ ውስጥ፣ ስልኬ ጉልበቴ ላይ፣ አንቺ ደግሞ የክር ቅርጫቱ ላይ። ደብተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእዝባር ነው የምጽፍልሽ። ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ መ/ርት። መ/ርት ወይንሸት ናት በማታው ክፍል ያሳየችን። የተማረ ሰው ለካ ፊደል ይቆጥባል። እኔም ተምሬአለሁ፣ እቆጥባለሁ።

ሥራው የሞጣዋ የወ/ሮ ፋንታዬ ነው። ልጇን በጥር ትድራለች። የሙሽራዋን ቀሚስ ለኔ ሰጠች፤ ከወደደችው የሚዜዎቹም የኔ ነው። ፎቶ ላከችልኝ። ቀሚሱ ከአንገቱ እስከ ዘርፉ ስክሪኑን ሞልቶ ቆሟል። ክሩን የስልኩ መስታወት ላይ እያስጠጋሁ አመሳስላለሁ። አንገቱ ላይ ሳስጠጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፣ ለጋው። ዘርፉ ላይ ሳስጠጋ የድንች አበባ ነው። ሌላ ሸማኔ ቢሆን ሁለቱንም ሰማያዊ ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ አላልፍም። የዘመኑ ፋሽን ገብቶኛል፤ አንገት ለብቻ፣ ዘርፍ ለብቻ።

ቢቸና ገበያ "ዐይናማው ጫኔ" የምባለው በከንቱ ነው? የቅኔ መምህራኑን ማዕረግ ለሸማኔ የሰጡት አይተው ነው።

ታኅሣሥ 8፣ ከሞጣ መልስ

አታናግሪኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ማታ

እሺ ልንገርሽ። ቀሚሱን ይዤ በማለዳ ሚኒባስ ሄድሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ ሳይቀር አሳየሁት። ዝም አለ። ከአድናቆት ነው ብዬ።

ሞጣ፣ ወ/ሮ ፋንታዬ ግቢ። እኅቶቿ፣ አክስቶቿ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ቀሚሱን ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። አንገቱን አየች። ዘርፉን አየች። እንደገና አንገቱን። ከዚያ ስልኳን አወጣች። እሷ ስልክ ላይ ጥለቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ሰማያዊ ነው፤ የጥቅምት ሰማይ።

ፋሽን ነው አልኋት። አንዲት አክስት፣ "ግማሹን አንተ ግማሹን ጎረቤትህ ነው የሠራችሁት?" አለችኝ። ግቢው ሳቀ። ሌላዋ ሙሽራዋን ከወገቧ በላይ ለአንድ ባል፣ ከወገቧ በታች ለሌላ ልንድራት ነው ወይ አለች። ወ/ሮ ፋንታዬ አልሳቀችም። እሱ ነው የገደለኝ። ቀሚሱን አጣጥፋ መለሰችልኝና ሥራውን ለአስማረ እንደምትሰጠው ነገረችኝ። አስማረ ማለት ከኔ ቤት ሁለት በር አልፎ የሚሸምን ሰው ነው። ከኔ የተማረ። ግራና ቀኙን በቅጡ የማይለይ።

ታኅሣሥ 9

አስማረ በጠዋት በሬ ላይ ቆሞ እንዴት አደርህ ዐይናማው አለኝ። ቃሉን አስረዘመው። ዐ-ይ-ና-ማ-ው። ቀን ይጠብቅ።

ማንን እንደምይዝ አላወቅሁም። ክሩን ረገምሁ። የክር ነጋዴውን ረገምሁ። ሚስቴን የሺን ሳይቀር ክሬን ፀሐይ ላይ አስጥተሽ አወየብሽው አልኋት። የሺ ስልኩን ከእጄ ወሰደች፣ ፎቶውን በጣቷ ወደ ታች ጎተተችው። አንገቱ ወደ ስክሪኑ ግርጌ ወረደ።

ወረደና የድንች አበባ ሆነ።

ወደ ላይ ገፋችው። ባሕር ዛፍ ሆነ። ወደ ታች፤ ድንች። ቀሚሱ አልተለወጠም፤ ቦታው ነው የተለወጠው። ከዚያ የነጭ ጋቢ ፎቶ አወጣን። ነጭ፣ ከነጭ በቀር ምንም የሌለበት። አናቱ ላይ የከረመ የጉድጓድ ውሃ አረንጓዴ ይመስላል። ግርጌው ላይ የሕፃን ድድ።

ስልኩን ማን ሸጠልኝ? ኑሩ። ሞጣ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው የስልክ ቤት። ባለፈው ክረምት። ወላሂ አያ ጫኔ፣ ኦሪጅናል ነው፣ እጅ ያልነካው ነው ብሎ።

ደብተሬ፣ ይኼን ስም ያዥልኝ። ኑሩ። በደማቅ ጽፌዋለሁ።

ታኅሣሥ 11፣ ከት/ቤት መልስ

ክፍል ውስጥ ነገሩን አነሣሁ። መ/ርት ወይንሸት ከወላይታ የተመደበች ልጅ ናት፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሁላችሁም ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አለች። የአንድ ነጭ ወረቀት ፎቶ ለሁላችንም ላከች። ጎን ለጎን ደረደርናቸው።

አንዱ ላይ ወረቀቱ ወተት ነው። አንዱ ላይ ቅቤ። አብሮን የሚማረው ዘበኛ ላይ አመድ። ሁለት ሴቶች ከአንድ ቦታ የገዙት አንድ ዓይነት ስልክ አላቸው፤ የነሱ እንኳን አንዱ ወደ ቢጫ አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስልክና ስልክ አይስማማም አለች መ/ርት፣ ይኼ ያለ ነው፤ ያንተ ስልክ ግን ከራሱ ጋር ነው የተጣላው። ስክሪኑ የተቀየረ ይመስለኛል አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ላለመለየት። ውስጤ ግን ሚኒባስ ተሳፍሮ ሞጣ ደርሷል።

ታኅሣሥ 14፣ ከሞጣ መልስ

ኑሩ ቤት ሄድሁ። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ይሻለኛል አልሁ፤ ምስክር ይሆናል።

ስልኩን አውጥቼ ነጩን ጋቢ አሳየሁት። በእጅጌው ወለወለው። ዘቅዝቆ አየው፣ አቅንቶ አየው፣ እንዲህ ብሎ ርቆ አየው። ምንም የለውም አለ። አለው አልሁ። የለውም አለ። ከዚያ በዚያች በለሰለሰች አፉ፣ "አያ ጫኔ፣ ዕድሜ ነው። ዐይንዎን ቢታዩ ይሻላል።"

እኔን። ዐይንዎን። ከነአንቱታው ነው የሰደበኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ጎረምሳ እጁን ፊቴ ላይ ዘርግቶ ስንት ጣት ነው አለኝ። አምስት፣ ሁሉም ያልታጠቡ አልሁት። ሳቁ ትንሽ ለኔ አደላ። ግን አልበቃኝም። በዚች ከተማ ሁለት ጊዜ ተስቆብኛል፣ ሁለቱም በኑሩ ምክንያት። ወሬው ከኔ ቀድሞ ቢቸና ገባ። ከትናንት ወዲያ ጋቢ ያዘዘኝ ሰውዬ ቆይ ላስብበት አለ።

በመንገዱ ሁሉ በቀል አሰብሁ። በሩ ላይ ቆሜ የሚገባውን ሁሉ ልመልስ? ልክሰስ? ለዳኛ ምን እላለሁ፤ ነጭ ጋቢዬ ድድ መሰለ? ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ረዳቱ ፈራኝ።

ታኅሣሥ 20

እግዜር አለ። ማስረጃው ይኸው።

ዛሬ አንዲት ሴት ከሞጣ ደወለች። እማማ ዘሃራ። ከብዙ ዓመት በፊት ነጠላ ሠርቼላቸዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ክሩ አልተነሣም አሉኝ። የሙሽራ ኩታ ይፈልጋሉ፣ ወርቃማ ጥለት፣ በሁለቱም ጫፍ። ስለ ቀሚሱ ሰምተው እንደሆነ ፈራ ተባ እያልሁ ጠየቅሁ። "ሰምቻለሁ። እኔ ወሬ አልለብስም" አሉኝ።

ሙሽራው ማን ነው አልሁ። ልጄ ነው፣ ኑሩ፣ ስልክ ይሸጣል።

ደብተሬ፣ መወርወሪያው ከእጄ ወደቀ።

የጥለቱን ፎቶ ላኩ። ኑሩ በሸጠልኝ ስልክ ላይ አየሁት። አናቱ ላይ ወርቁ ያልበሰለ ሎሚ ነው። ግርጌው ላይ ሸክላ። እሺ። እኔ ሸማኔ ነኝ፣ ያየሁትን እሸምናለሁ። አንዱን ጫፍ ሎሚ፣ ሌላውን ሸክላ። ሙሽራ ኩታ ሲደርብ ሁለቱ ጫፍ ደረቱ ላይ ይገናኛሉ። እዚያው ይገናኙለት። ሕዝብ ፊት። ከዚያ እኔን ይክሰሰኝ፤ ስልኩን አውጥቼ እንደ ስክሪንህ ነው እለዋለሁ።

ታኅሣሥ 27

ጨረስሁት። እንደዚህ አምሮ የተበላሸ ነገር በቢቸና ምድር ተሸምኖ አያውቅም። ማጉ ጥብቅ፣ ጠርዙ ምላጭ። ስሸምን አፏጫለሁ። አስማረ እንኳን መጥቶ ምን አገኘህ አለኝ። ጠላት አገኘሁ አልሁት።

የሺ ኩታውን አንሥታ ሁለቱን ጫፍ አገናኘቻቸው። እንዲህም አለች፤ "ይኼ ላይ የኑሩ እጅ የት አለ? የማየው ያንተን እጅ ነው።" ሰው ሲያየው ጫኔ ዳግመኛ አበላሸ ነው የሚለው፣ ያኔ ስልክ ብታወጣ ማን ይሰማሃል፣ ደግሞ አሮጊቷ ምን አደረጉህ፣ ብቻቸውን አይደለም ወይ ያመኑህ አለች።

አንቺ ወይዘሮ፣ በቀል አይገባሽም አልኋት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አለችኝ። እኔ ሳል የለብኝም አልሁ። ተለያይተን ተኛን።

ታኅሣሥ 28

ልክ ናት። ይኼን ለሷ አትንገሪያት። ማንበብ አትችልም፤ እኔ ካልነገርኋት ከየት ታውቃለች። አይ፣ ይኼም ነውር ነው። በሚቀጥለው ዙር አስመዘግባታለሁ።

የተበላሸውን አጥፌ ሣጥን ግርጌ ከተትሁ። አዲስ ድር ወጠርሁ። ፎቶ የሚባል ነገር አላይም። የወርቃማ ክር ቁራጮች፣ ከደማቁ እስከ ፈዛዛው፣ በካርቶን ላይ ጠምጥሜ በሚኒባስ ሹፌር ለእማማ ዘሃራ ላክሁ። ደጅ ወጥተው በፀሐይ ይዩት፣ የመረጡትን ቋጥረው ይላኩልኝ አልሁ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚሠራው። እኔ ነኝ ዘመናዊ ልሁን ብዬ።

ማታ በዚያው ሚኒባስ ቋጥረው ላኩ። የበሰለ ስንዴ ቀለም። ዐይን አላቸው አሮጊቷ።

ጥር 9፣ ከሞጣ መልስ

ኩታውን አደረስሁ። የተበላሸውንም በሌላ ፌስታል ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝሁት አትጠይቂኝ።

እማማ ዘሃራ ጥሩውን ፀሐይ ላይ ዘረጉት። ጫፍና ጫፉን አገናኙ። ጉንጫቸውን አስነክተው፣ "እጅህ ይባረክ" አሉ። ቀጥለው ጠየቁ፤ ሰው ሁሉ በፎቶ ሲሠራ አንተ ለምን ክር ላክህ? እኔ ምላሴን ያዝሁት። እውነት፣ ያዝሁት። ሁለት ጉርሻ ያህል።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስልኩን ሰጠኋቸው። የተበላሸውንም ኩታ አወጣሁና ይኼ በልጅዎ ስልክ የተሸመነ ነው አልሁ። አሮጊቷ የነጩን ጋቢ ፎቶ በጣታቸው አወረዱት፣ አወጡት፣ አወረዱት። ኑሩ ለምሳ ገባ። አየኝ። ስልኩን አየ። ፊቱ አናቱ ሌላ ግርጌው ሌላ ሆነ።

"ኑሩዬ፣ ይኼን ነው ለሰው የሸጥህ?"

ከሌላ ስልክ የወጣ ስክሪን ነው እማ አለ። እናቱ አልጮኹም። ምሳህ ይቀመጥልሃል፣ መጀመሪያ ወ/ሮ ፋንታዬ ቤት ሄደህ በራስህ አፍ ንገራት አሉት። ሄደ። ስልኬንም ወስዶ ደኅና ስክሪን አስገባበት። አሁን ነጭ ነጭ ነው። ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ግን ከራሱ ጋር ታርቋል።

ስወጣ እማማ ዘሃራ ሰርጉ ላይ ትገኛለህ፣ ከሚስትህ ጋር አሉኝ።

ጥር 12

ወ/ሮ ፋንታዬ ደወለች። ቀሚሱን አስማረ ጨርሶታል። ለራሷ ነጠላ ግን ከኔ ትፈልጋለች፣ ክር ላክልኝ አለች። ይቅርታ አላለችም። ክር ላክልኝ ማለቷ እሱ ነው። ጋቢ ያዘዘኝ ሰውዬም ተመለሰ።

ልቤ ይርጋ? አልረጋም። ኑሩ ጥፋቱን ያመነው በእናቱ ጓዳና በአንድ ሴትዮ ግቢ ነው። የተሳቀብኝ በሙሉ ሱቅ ነው። ያ ጣቱን የዘረጋው ጎረምሳ እስካሁን እኔን ዕውር ነው የሚለኝ። የሺ ይበቃሃል ትላለች። መ/ርት ወይንሸትም ይበቃል አለች። ሁለቱም ደጋግ ናቸው። ምን ላድርጋቸው።

ጥር 19

ሰርጉ ነገ ነው። ወስኛለሁ።

የተበላሸውን ኩታ እኔ ራሴ እለብሰዋለሁ። ሎሚውንና ሸክላውን ደረቴ ላይ አገናኝቼ፣ ከሙሽራው አጠገብ እቆማለሁ። ኑሩ የበሰለ ስንዴ ለብሶ ያምርበታል፤ የኔ ሥራ ነው፣ ይመርበት። ሰው ግን ሁሉ ወደኔ ዞሮ፣ አያ ጫኔ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ይላል። ያ ጎረምሳ ይጠይቃል። አስማረም ተጠርቷል፣ ይጠይቃል። እኔም ለእያንዳንዱ በዝግታ፣ ከክረምቱ ጀምሬ እነግረዋለሁ። ሙሽራው አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። በሰርጉ ቀን የት ይሄዳል?

ለየሺ ነገርኋት። ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ፎቶ ሲነሡ ከኔ ፈንጠር ብለህ ቁም አለችኝ። እሺ አልኋት።

ኩታውን አጥቤ አስጥቼው ነበር፣ ደርቋል። አጣጥፌዋለሁ። ሁለቱ ጫፎች ወደ ውጭ።