ለአንድ ምድጃ የሚበቃ

ውድ ወንድሜ ቶርኪል፣

ጭጋጉ ዛሬ ከባሕሩ ተነሥቶ እስከ አጥራችን ደርሷል። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆኜ ሳይ የበጎቹ ጀርባ ብቻ ይታየኛል፤ እግር የሌላቸው ነጫጭ ነገሮች ሆነው ይንሳፈፋሉ። አንተ ያለህበት ኒውዚላንድ አሁን እየበረደ ነው። እዚህ ሉዊስ ደሴት ግንቦት ገብቷል፤ ቀኑ እስኪመሽ ያሰለቻል። ከረግረጉ አፈር ቆርጠን ለማገዶ የምናደርቅበት ጊዜ መድረሱን ሳልነግርህም ታውቀዋለህ።

ሥራ አገኘሁ። ቬትናም ውስጥ፣ ሁዌ በምትባል ከተማ፣ ለልጆች እንግሊዝኛ እንዳስተምር ጠርተውኛል። ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ "ነይ" ያለኝ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ይኸው ነው። ውሉ የአንድ የትምህርት ዓመት ነው፤ መልሴን እስከ ዓርብ ይጠብቃሉ።

ቃለ መጠይቁን ያደረግነው በኮምፒውተር ነበር። ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ቱዊ፣ "ከሰው ርቆ መኖር ይከብድሽ ይሆን?" ብላ ጠየቀችኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ አንድ በግ መልሶ አየኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ምክንያቱን ሳታውቅ ሳቀች። ከኋላዋ መስኮት ነበር፤ ከመስኮቱ ባሻገር ዝናብ፣ በዝናቡ ውስጥ ደግሞ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰች ልጅ ብስክሌት እየነዳች አለፈች። ያየኋት ለአፍታ ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ረግረጉን ባየሁ ቁጥር ያቺ ቢጫ ልብስ በጭጋጉ ውስጥ ታልፋለች። በጎች ስቆጥር ታልፋለች፤ አባባ ሲያናግረኝ ታልፋለች። አንዳንዴ የብስክሌቷን ደወል የምሰማ ይመስለኛል።

ለአባባ ግን አልነገርኩትም ነበር። ማገዶ መቁረጥ የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። አንዱ ከላይ ቆሞ ይቆርጣል፤ ሌላው ከታች ሆኖ እርጥቡን ቁራጭ ተቀብሎ እንዲደርቅ ወደ ሣሩ ይወረውራል። መጀመሪያ ወርዋሪው አንተ ነበርክ። አንተ ስትሄድ እኔ ተተካሁ። እማዬም ካለፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ቆራጭና ወርዋሪ ብቻ ነን። እኔ ከሄድኩ አፈሩን ማን ይቀበለዋል? ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ይቆምብኝ ነበር።

ሰኞ ጎረቤታችን ዶሊና እንቁላል ይዛ መጣች። ገና በሩ ላይ ሳለች ጀመረች።

"አንቺ ልጅ! በጎቹን በጌሊክ ቋንቋችን እየተሳደብሽ ነው እንግሊዝኛ የምታስተምሪው?"

"ቀስ በይ! ማን ነገረሽ?"

"ስለ ጠባይሽ ከትምህርት ቤቱ ስልክ ደውለው የጠየቁት እኔን አይደለም እንዴ? ሚያዝያ ላይ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ሻይዋ ግን ውኃ ውኃ ይላል አልኳቸው።"

"ለአባባ እንዳትነግሪው እሺ፣ ዶሊና?"

"እኔ?" አለችና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ማየት ጀመረች። "እኔ እንኳ ምስጢር... ይሄኛው ሳይሰነጠቅ አልቀረም መሰለኝ።"

ያን ጊዜ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ከአባባ ጋር ወደ ረግረጉ ወጣን። ሁልጊዜ ሚያዝያ ላይ ብቻውን ሄዶ የላዩን ሣር ከነሥሩ ይገፍፈዋል፤ ግንቦት ላይ የምንቆርጠው የተገፈፈውን ያህል ነው። ስንደርስ በቆምኩበት ቀረሁ። የገፈፈው የልማዱን ግማሽ ብቻ ነበር።

"አባባ፣ ወገብህን አሞህ ነበር?"

"ወገቤ ደህና ነው።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ለወጥ ቤቷ ምድጃ ይበቃል።"

"የእኔ ክፍልስ?"

መቁረጫውን በጫማው ወደ አፈሩ እየገፋ፣ "ባዶ ክፍል አይበርደውም" አለኝ።

ቶርኪል፣ ደስ ይበለኝ ወይስ ልቀየም አላወቅኩም። ወርጄ ቦታዬን ያዝኩ። የመጀመሪያው ቁራጭ እጄ ላይ ወደቀ፤ ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ እንደ ቅቤ የሚያሙለጨልጭ። ወረወርኩት። ሌላው መጣ። እንዲህ ስንሠራ ቆየን። ጭጋጉ እየቀረበ መጥቶ በመጨረሻ ከአባባ የሚታየኝ ጫማው ብቻ ሆነ። ድምፁ ከላይ፣ ከነጩ ውስጥ መጣ።

"እዚያ ዝናብ ይበዛል አሉ።"

"በጣም።"

"ታዲያ ምን ያስሮጥሻል? ዝናብ እኮ እዚህም አልጠፋም።"

ሳቅኩ። እሱ ግን መቁረጡን አላቆመም።

"በሚመጣው ዓመት ማን ይወረውርልሃል?" አልኩት።

"ዶሊና አለች አይደል። አፏ ካላረፈ እጇም አብሮ ይሥራ።"

ከዚያ ቁራጩ መምጣቱን አቆመ። እጆቼን ዘርግቼ ጠበቅኩ።

"ወንድምሽ ሊሄድ ሲነሳ አትሂድ አላልኩትም" አለ። "በአፌ አላልኩትም። ግን ያን ዓመት እሱ እንደሚኖር አድርጌ ቆረጥኩ። የእሱን ድርሻ ከጋጣው ኋላ ከመርኩት። ከመሄዱ በፊት ቆሞ ሲያየው አይቼዋለሁ። ይኸው ሣር በቀለበት። የማይመጣው ያን ክምር ላለማየት ይመስለኛል።"

የዘረጋኋቸውን እጆቼን አወረድኩ።

"ላንቺ ክምር አልተውልሽም" አለኝ። "የምትሄጂ ከሆነ ዞረሽ ሳታዪ ሂጂ።"

ያ ክምር ምን ማለት እንደሆነ እኔም አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም። ከእሱ አንድ ቁራጭ አንስተን አናውቅም፤ በጣም በበረደው ክረምት እንኳ። እማዬ በአጠገቡ ስታልፍ ፊቷን ወደ ባሕሩ ታዞር ነበር። አንተ በስልክ ስለ በጎቹ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ውሻው ስትጠይቀኝ፣ ስለ ጋጣው ጓሮ ግን አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።

የተገፈፈውን ቆርጠን ስንጨርስ መቁረጫውን ሊጠርግ ጎንበስ አለ። ከታች ሆኜ፣ "አባባ፣ ትንሽ ጨምርበት" አልኩት።

"ለምን?"

"ውሉ የዓመት ነው። ከሞቃት አገር ነው የምመጣው፤ ይበርደኛል።"

ጫማው ከፊቴ ራቀ፤ የሄደ መሰለኝ። ከዚያ ሣሩ ከሥሩ ሲቀደድ ሰማሁ።

"ይሄን ያህል?"

"ትንሽ ጨምር።"

"ስግብግብ!" አለ። ግን ጨመረበት።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ወጥ ቤቱ ሞቆ ነበር። አባባ ከጋጣው ኋላ፣ ካንተ ክምር፣ አንድ እቅፍ አምጥቶ አንድዷል። ላዩ በዝናብ በስብሷል፤ ልቡ ግን እስካሁን ደረቅ ነው። ደህና ይነድዳል። "በየቀኑ ከእሱ እናንድድ" ብሎኝ ወደ በጎቹ ወጣ።

ለወይዘሮ ቱዊ እመጣለሁ ብዬ አሁን መልስ ልኬ ወደዚህ ደብዳቤ ተመለስኩ። ነሐሴ ላይ እሄዳለሁ። እስከዚያ ከጋጣው ኋላ ያለው ክምር ያልቃል፤ ቦታው ላይ ሣር ብቻ ይቀራል። በሚመጣው ግንቦት ትምህርቱ ሲያልቅ እኔ ወደዚህ እመለሳለሁ። አንተም ና። ወርዋሪ እንፈልጋለን።

እህትህ ኤፊ
ከሉዊስ ደሴት፣ ካንተው ማገዶ አጠገብ