የኑሩ አጎዛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዛሬም ርሷል። አጎዛው ብቻ ሳይሆን የአማቴ ቀሚስም ጭምር። እትዬ ዘህራ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲነሡ ገላቸውን እንደገና መታጠብ ግድ ሆነባቸው። «በስተርጅናዬ ሽንት ውስጥ ልደር?» እያሉ በዚያ ብርድ ውኃ ሲያፈሱ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁ።

ኑሩ ክረምቱ ሳይገባ ነበር ሽንቱን የለየው። ቀን ራሱ ወደ ጓሮ ይወጣል፣ ሌሊት «እማ፣ ሽንቴ» ብሎ ይቀሰቅሰኛል። አባቱ ሰይድ ሱቅ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ያወራለት ነበር። እኅቱ ነፊሳ ከተወለደች ወዲህ ያ ሁሉ ቀረ። መጀመሪያ ሌሊት ብቻ ነበር፣ አሁን ቀንም ጀምሯል። አራት ዓመት ሊሞላው ነው።

ከእኔ ጎን ተነሥቶ አያቱ መደብ ላይ መተኛት የጀመረው እሷ በተወለደች ማታ ነው። አልጋው ጣሊያን ትቶት የሄደ ጠባብ የብረት አልጋ ነው፤ ለሦስት አይበቃም።

አጎዛውን የድንጋይ አጥሩ ላይ አሰጣሁት። አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ኑሩም በሩ ሥር ቆሞ አየውና ጀርባውን ሰጠኝ።

ማክሰኞ

ሰይድ «ከሴቶች መሃል ይውጣ፣ ወንድ ይሆናል» ብሎ ወደ ሱቅ ይዞት ሄደ። ደስ አለኝ። ከወለድኩ ወዲህ እንደዛሬ ጠዋት ተኝቼ አላውቅም።

ቀትር ሳይሆን እጁን ይዞ መለሰው። ከአስመራ የዕቃ ማኪና ገብቶ ሱቁ በሰው ሞልቶ ነበር አለ። ኑሩ አዲስ በተፈታ የአቡጀዲ ጣቃ ላይ ተቀምጦ ሸናበት። ሰው ሳቀ። ሰይድ አልመታውም። «አሳፈረኝ» ብሎ ብቻ ወጣ።

እትዬ ዘህራ ቢላዋውን ከእሳቱ ዳር አስጠግተው «ነገ ብትደግም በዚህ ነው የምተኩስህ» አሉት። እንደማያደርጉት አውቃለሁ። እሱ ግን አያውቅም። አላለቀሰም፣ ቢላዋውን ብቻ ያይ ነበር።

በኋላ የነፊሳን ጨርቅ ስቀይር አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«እሷ ስትሸና ማንም አይቆጣትም» አለ።

«እሷ ትንሽ ናት።»

«እኔም ትንሽ ነኝ።»

ጠዋት ሲወጣ «አንተኮ ትልቅ ነህ» ብዬው ነበር።

ረቡዕ

በየቤቱ እየዞረች ሕፃናት የምታየው ነርስ መጣች። ነፊሳን በጨርቅ አንጠልጥላ መዘነችና «ሸጋ ነው፣ ጨምራለች» አለች። ከዚያ ከበሩ ኋላ የቆመውን ኑሩን አየችው። ልብሱ እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ልደብቀው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም፤ ነገርኳት።

«ብዙ ልጅ እንዲህ ይሆናል» አለችኝ። «ታናሽ ሲመጣበት እሱም እንደገና ሕፃን መሆን ያምረዋል። አትቆጡት፣ ሰው ፊት አታሳፍሩት። ሕፃኗ ስትተኛ እሱን እቀፊው።»

ስትወጣ እትዬ ዘህራ «ለመሆኑ ወልዳ ታውቃለች?» አሉ።

እኔ ግን ሞከርኩት። ነፊሳ እንደተኛች ጠራሁትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከብዷል። እግሮቹ መሬት ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። «እንደሷ ጠቅልይኝ» አለኝ። በነጠላዬ ጠቀለልኩትና እሹሩሩ አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፣ ለጨዋታ። እትዬ ዘህራ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ሳቁ። ቢላዋውም ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሐሙስ

ደረቅ። አጎዛውን ሁለት ጊዜ ዳበስኩት።

ቀን ደግሞ «እማ፣ ሽንቴ» ብሎ ራሱ ሮጦ ወጣ። የነፊሳን ንጹሕ ጨርቅ አመጣልኝ። ለሰይድ ምሳ ሲበላ ነገርኩት፤ ከእንጀራው ቆርሶ ኑሩን አጎረሰው።

ከሰዓት በኋላ ግን ነፊሳ ታስላለች። ጡት አፏ ውስጥ ይዛ ትተወዋለች። ከእጄ አላወረድኳትም። ኑሩ ተራው እንዲደርሰው እየመጣ ያየኛል። «ቆይ» እለዋለሁ። መጨረሻ ላይ መጥቶ፦

«መልሷት» አለ።

«ወዴት?»

«ካመጣችኋት ቦታ። ሽንቷ በዛ፣ መልሷት።»

ሳቄ መጣ። «ሂድ ወደዚያ፣ አትቀልድ» አልኩት። ጥግ ሄዶ እዚያው ቆሞ ሸና።

ነፊሳ ሰውነቷ ያተኩሳል።

ዓርብ

ይህን የምጽፈው ሐኪም ቤት፣ ከአልጋዋ ዳር ሆኜ ነው። ሰይድ ከጁምዓ ሶላት እንደተመለሰ ጋሪ አስጠርቶ አመጣን። መርፌ ወጓት። ደረቷ ላይ ነው አሉ፣ እዚሁ ትደር። ስትተነፍስ የጎኗ ሥጋ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከቤት ስንወጣ ኑሩ ጋሪውን እየተከተለ ሮጠ። እትዬ ዘህራ ያዙት። «እኔም፣ እኔም» ሲል ይሰማኝ ነበር።

ቅዳሜ

አልጠባችም። በጣቴ ከንፈሯን በወተቴ አረጠብኩላት። ሰይድ በረንዳው ላይ ቁርኣን ይቀራል። ድምፁ ይቆራረጣል።

ቤት ኑሩ ምን እንደሆነ የጠየቅሁት ሲመሽ ነው። እስከዚያ አላሰብኩትም።

እሑድ

ነፊሳ ዛሬ ማለዳ እጄ ላይ ሞተች።

እትዬ ዘህራ አጠቧት። ከፈኑ ብዙ ጨርቅ አልፈጀም። ቃሬዛ አላስፈለጋትም፣ ሰይድ ራሱ አቅፏት ወጣ፣ ወንዶቹ ተከተሉት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቀረሁ።

ኑሩ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። «አባ ወዴት ነው የሚወስዳት?» አለ። አንዷ ለቀስተኛ ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችው።

ሰይድ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቀሚሴ በጡቴ ወተት ረጥቧል። የሚፈስ መሆኑን እንኳ ያወቅሁት ሴቶቹ ጋቢ ሲደርቡብኝ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

አጎዛው ደረቅ ነው።

እትዬ ዘህራ ትከሻዬን ይዘው «ልጅሽ ደርቆ አደረ፣ አልሃምዱሊላህ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ያንን ደረቅ አጎዛ ማየት አቃተኝ። ቤቱ ውስጥ የሚረጥብ ነገር ሁሉ የጠፋ መሰለኝ። ኑሩንም ለጥቂት ጊዜ ማየት አልፈለግሁም። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ለቀስተኛው ሲበዛ ነው ነገሩን ያስተዋልኩት። ኑሩ ግድግዳውን ተደግፎ እግሮቹን አጣምሮ ቆሟል። ግንባሩ አልቦታል። ውኃ ሲሰጡት ራሱን ይነቀንቃል። ትናንት ከቀትር ወዲህ ወደ ጓሮ ሲወጣ ያየው እንዳለ ጠየቅሁ። ማንም አላየውም። እትዬ ዘህራ ይዘውት ወጡ፤ እየተንቀጠቀጠ ቆሞ ቆሞ ሳይሸና ተመለሰ። ሆዱን ስነካው እንደ ድንጋይ ሆኗል።

ጓዳ አስገባሁት። በሩን ዘጋሁ።

«ኑሩዬ፣ ሽና።»

«አልሸናም።»

«ምነው?»

አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ ነገረኝ። «ስሸና እኔንም አባ ይወስደኛል። ነፊሳን መለሳት።»

ተቀመጥኩ።

«አልመለስናትም» አልኩት። «ደረቷን ታመመች። ሞተች።» ይህን ቃል እስከዚያ ሰዓት በአፌ አላወጣሁትም ነበር። «አንተ መልሷት ስላልክ አይደለም። ስለሸናችም አይደለም። ብትሸናብን ደስ ባለን።»

«ትመጣለች?»

«አትመጣም።»

«እኔስ?»

ሰይድን አስጠራሁት። ከወንዶቹ መሃል ተነሥቶ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። የሆነውን ነገርኩት። መሬት ላይ ቁጭ አለና የልጁን ሁለት እግር በእጁ ያዘ። «አንተን የትም አልወስድህም» አለው። «ሱቁን ሁሉ ብታረጥበው የትም አልወስድህም።» ከዚያ ፊቱን ኑሩ ጉልበት ላይ ደፋ። አባቱ ሲያለቅስ አይቶ አያውቅም፤ ኑሩ ራሱን ይዳብሰው ጀመር።

ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ገና ከመተኛቱ ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ተሰማኝ። ብዙ ነው፣ አያልቅም፣ እስከ መሬቱ ፈሰሰ። ሊያነሡት ገብተው እጃቸውን የዘረጉትን እትዬ ዘህራን ተዉት ብዬ በዓይኔ ለመንኳቸው። አጠገቤ ተቀመጡ። እርጥቡ እስኪበርድ ድረስ አልተነቃነቅሁም።

ማክሰኞ

ከእኔ ጋር ነው ያደረው። ርሷል፣ እኔም ርሻለሁ።

ጠዋት አጎዛውን ያሰጣው ሰይድ ነው፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ እያየው።

ኑሩ ትንሽ ቂጣ በላ። ውኃም ጠጣ። እትዬ ዘህራ ነፊሳ የጀነት ወፍ ሆናለች ብለው ነገሩት። አሰበና «ማታ ማን ያቅፋታል?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ነገም መልሶ የሚጠይቀኝ ይመስለኛል።

ነገም አጎዛው ይርሳል። ይራስ።