ወደ ጉልበቴ ሳይደርስ ስለቀረው ማደንዘዣ

ግንቦት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.
ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ጓድ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ሁለቱም ጉልበቶችዎ እንደ ልብዎ እንደሚታጠፉ፣ ደረጃ ሲወጡም ሲወርዱም እንደማያስጨንቁዎት ከልቤ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እሸቴ ወልደየስ ከድልድዩ አጠገብ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሜ የሰው ፀጉርና ጢም ሳስተካክል የኖርሁ፣ ባለፈው ጥር ደግሞ በሆስፒታልዎ ቀኝ ጉልበቴን የታከምሁ ሰው ነኝ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ስለማላምን እንዳይመስልዎት፤ የታሸገ ወረቀት በሆስፒታልዎ ውስጥ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ስላየሁ ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና አለኝ። ከወዳጅ አገር የመጡት ሐኪም ጉልበቴን ሳይከፍቱት፣ ከባቄላ በማይበልጡ ሁለት ቀዳዳዎች፣ ጫፉ ላይ መብራት ባለው ቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ እያዩ፣ ዝናብ ባራሰው ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ የቀደድኋትን ቅርጭም፣ ያችን በአጥንቶቹ መካከል ያለች ለስላሳ አጥንት፣ አስተካክለውልኛል። ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም ሕመሙ ትንሽ እንዳልሆነ፣ ስለዚህም ጉልበቴን ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከቀዶ ጥገናው ማግስት ጀምሮ ለሁለት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ በተተወች ቀጭን ቱቦ እንደሚሰጠኝ በአስተርጓሚ አስረዱኝ። «ሕመሙ ፋታ ሲሰጥዎ እግርዎን ያጥፉ፤ ካላጠፉት ይደርቃል» አሉኝ።

ሁለተኛው ቅሬታ ነው። ቀዶ ጥገናው በተደረገበት ቀን ጉልበቴ የሌላ ሰው እስኪመስለኝ ደንዝዞ እግሬን እያጠፍሁ ስዘረጋ ዋልሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን የክፍላችን ነርስ ሲስተር ትርሓስ ባዶ እጇን መጣች። «ጋሼ እሸቴ፣ መድኃኒቱ የለም፤ እባክዎ ይታገሡኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ቀትር ላይም ይህንኑ ደገመችልኝ፤ በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ጉልበቴን አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በምላጭ የሚፍቀኝ መሰለኝ። እግሬን ለማጠፍ አንሶላ ነክሼ ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። አልጋዬ ግርጌ በተንጠለጠለው ካርድ ላይ ግን «ተሰጥቷል፣ ተሰጥቷል፣ ተሰጥቷል» የሚል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ አየሁ። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ምስጋና ይግባውና፣ ዛሬ በሽተኛም ማንበብ እንደሚችል የዘነጋ ሰው በመሥሪያ ቤትዎ መኖሩን ሳሳስብዎ በታላቅ ትሕትና ነው።

ማንን እንደጠረጠርሁ ልንገርዎ? ባዶ እጇን ያየኋትን። ከሆስፒታሉ ስወጣ «ሲስተር ትርሓስ ማደንዘዣዬን ለግል ጥቅሟ አውላዋለች» ብዬ ጻፍሁና ከአስተያየት መስጫው ሣጥን ከተትሁት። ቁልፉ የዛገው ያ ሣጥን፣ ስለ ውኃውና ስለ አንሶላው ለዓመታት ተጽፎለት ያልተከፈተው ሣጥን፣ በዚያው ሳምንት ተከፈተ። በአሥረኛው ቀን ሲስተር ትርሓስ ጠረፍ ወዳለ ክሊኒክ ተዛወረች። ስሟ ትርሓስ መሆኑ ነገሩን አፋጥኖት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ።

ሦስተኛ፣ በመጋቢት ወር አንድ የከፍተኛችን አስተዳደር ባለሥልጣን ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። እርስዎ ስለሚያውቋቸው ስማቸውን አልጠራም። እሳቸውም እኔ በታከምሁበት በጥር ሰሞን በእኒያው ሐኪም ጉልበታቸውን ታክመው፣ ከፒያሳ በእግራቸው ወርደው ነው የመጡት። ሳሙናውን ቀብቼ፣ ምላጩን ጉሮሯቸው ላይ አሳርፌ፣ ሕመሙ እንዴት እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ምን ሕመም አለው ጋሽ እሸቴ! ሥራ አስኪያጁ የልብ ጓደኛዬ ነው፤ መድኃኒቱን ከነካርቶኑ ቤቴ ድረስ ላከልኝ። የተረፈውንማ ጥርሴን ሲያመኝ እየተወጋሁት ነው» አሉኝ።

ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ እስከ መጨረሻው ላጨኋቸው፣ አልኮሉን ቀባኋቸው፣ «በጤና» ብዬ ሸኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ግን ደንበኛ ወረፋ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ያልደረሱኝን ስድስት መድኃኒቶች በጣቴ ቆጠርሁ።

በማግስቱ ቢሮዎ ስመጣ እንዴት በአክብሮት እንደተቀበሉኝ አልረሳውም። «መድኃኒቱ በወቅቱ ለሚገባው ሰው ተሰጥቷል» አሉኝና በር ድረስ ሸኙኝ። በሩን ሲዘጉ ከትርሓስ ጋር የሠሩ አንዲት ሴት ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። ትርሓስ ያን ሁለት ቀን ሙሉ ስለ እኔ መድኃኒት በርዎ ላይ ቆማ ስትለምን እንደነበር፣ እርስዎም «አልቋል» እንዳሏት፣ «ተሰጥቷል» ብላ እንድትፈርም ስትታዘዝ እንቢ በማለቷ ካርዱን ሌላ ሰው እንደሞላው ነገሩኝ። ለእኔ ያልነገረችኝ በእኔ ላይ ጣጣ እንዳይመጣ ፈርታ ነው።

አራተኛው የእኔው ግለ ሂስ ነው። ጥርጣሬዬን ወደ ላይ መላክ ብፈራ ወደ ታች ጣልሁት፤ የወደቀውም ለእኔ በቆመች ብቸኛ ሰው ላይ ነው። ይቅርታ እየለመንሁ ጻፍሁላት። መልሷ በሚያዝያ ደረሰኝ፤ አንድም የወቀሳ ቃል የለበትም። «ጉልበትዎ አሁን ይታጠፋል?» ብላ ብቻ ጠይቃኛለች። አይታጠፍም። ረጅም በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የምሠራው። ይህን ለእሷ ለመጻፍ ግን እስካሁን ድፍረት አላገኘሁም።

ስለዚህ ካርዱ እንዲታረም፣ ሲስተር ትርሓስም ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ውድ ጊዜዎን በማባከኔ እጅግ እያፈርሁ አመለክታለሁ።

በአንድ እግሬ ቆሜ፣ በሌላው ተገትሬ፣ ለሥልጣንዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት የምገልጽ፣

እሸቴ ወልደየስ
ፀጉር አስተካካይ

ማሳሰቢያ (ግንቦት 19 ቀን የተጨመረ)፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ከመስተዋቴ ጎን ለጥፌዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወዳጅዎ ሊላጩ መጥተው፣ ሳሙናው ፊታቸው ላይ እንዳለ እስከ መጨረሻው አነበቡትና ግራ ጉንጫቸው ሳይላጭ ተነሥተው ወደ ምኒልክ አደባባይ አቅጣጫ ሽቅብ ሄዱ። ሰው ልከው ወረቀቱን ለማስነሣት አስበው ከሆነ አይድከሙ፤ ደንበኞቼ በቃላቸው ይዘውታል።