የራኬቴ አውታር

ሰኞ፣ መጋቢት 13

ተበጠሰ። ያውም መሀሉ ላይ፣ ያውም ዛሬ! የሆቴሉን ግድግዳ እየመታሁ ሳለ አንዱ ክር ጠሽ አለ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ ላቁም አላልኩም። ስደጋግምበት አጠገቡ ያሉትም ተከትለውት ሄዱ። አሁን ራኬቴ ኳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው።

የቴኒስ ተጫዋቾች ምርጫው የነገ ሳምንት ማክሰኞ ነው፣ ደሴ። አምና ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ላስታን ወክዬ ስሄድ የአንድ ፋብሪካ ክለብ አሰልጣኝ አይቶኝ፣ “ይቺ ልጅ ትሆናለች፤ ለከርሞ ምርጫችን ትምጣ” ብሎ ነበር። ክለቡ የመረጣትን ልጅ በፋብሪካው ሠራተኛነት ይቀጥራታል። ሥራዋ ግን ቴኒስ መጫወት ነው። መጫወት ሥራ ሆኖ፣ ደመወዝ እየተከፈለበት! ዓመቱን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ላሊበላ ውስጥ ሌላ ራኬት የለም። ይህንንም የተወልኝ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊጠግኑ ከመጡት ፈረንጆች አንዱ ነው፤ ሁላችንም እንደ ሌላው ፈረንጅ ሙሴ እያልን ነበር የምንጠራው። አባቴ ዘበኛ በሆነበት ሆቴል አርፎ፣ አመሻሽ ላይ የሚያጫውተው ሰው ሲያጣ እኔን ይጠራኝ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ራኬቱን እጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ቱሪስቱም ቀረ። ሜዳው ስንጥቁ ሣር አብቅሏል፣ መረቡን ፍየል በልታዋለች። እኔ የቀረኝ ግድግዳው ነው። ግድግዳ አይደክመውም፣ አይሳሳትም፣ ሲሸነፍም አይናደድም። ሰው የመለሰው ኳስ እንዴት ናፈቀኝ!

ማክሰኞ፣ መጋቢት 14

የሞከርኳቸው፦ ሲባጎ (ላላ)። የስልክ ሽቦ (ጣቴን ቆረጠኝ)። ከሱቅ የተገዛ የናይለን ክር፣ በሦስት ተገምዶ (በመጀመሪያው ምት ብጥስ)። 

እማዬ እያየችኝ፣ “ኳስ ስትደበድቢ ዕድሜሽ አለቀ” አለች። ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ነው።

ወደ ማታ የኔታ ፍሥሐ በገናቸውን ሲደረድሩ ሰማሁ። ቤታቸው ከኛ ጋር አጥር ይጋራል፤ በሁዳዴ በየቀኑ እሰማቸዋለሁ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን ሳዳምጥ በድንገት ብድግ አልኩ። የበገና አውታር ከምንድን ነው የሚሠራው? ከበግ አንጀት! የሚሠሩትም ራሳቸው የኔታ ናቸው።

ሮጬ ሄድኩ። ራኬቱን ተቀብለው አገላበጡት፣ በቀዳዳው አሻግረው አዩኝ። “ልክ ብለሻል፣ ይሆናል” አሉኝ። ገና ደስ ሲለኝ አስከትለው፣ “ግን አውታር የለኝም። ያለኝን ለቅበላ ከታረደው ሠርቼ በገናው ላይ አውዬዋለሁ። አሁን በፆም ማን በግ ያርዳል? እስከ ፋሲካ ታገሺ” አሉ። ፋሲካ! ምርጫው አልፎ፣ የተመረጡት ልብሳቸውን ተቀብለው!

ረቡዕ፣ መጋቢት 15

ሰይድ ወንድ ልጅ ወለደ! ሰይድ ከገበያው በታች ያለው ጨርቅ ነጋዴ ነው። ዛሬ ለልጁ ስም ማውጫ በግ ማረዱን አባቴ ሲያወራ ሰማሁና ሽሮዬን ትቼ ተነሳሁ።

አራስ ቤት ሄዶ አንጀት መለመን! እንደምንም ለመንኩት። “ለምንሽ ነው?” አለኝ ሰይድ፣ “እናንተ እንደሁ ሥጋችንን አትቀምሱ።” ራኬቱን አሳየሁት። ሳቀ፣ ሚስቱም ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀች። “አብሽሪ! ወላሂ ለውሻ ልንጥለው ነበር” ብሎ በባሊ ሞልቶ ሰጠኝ። ልጁ ያድግልህ አልኩት፣ ከልቤ።

በጓሮ በጓሮ ተደብቄ መጣሁ። እማዬ ግን ሽታውን ለየችው። “በሁዳዴ! ያውም የእስላም በግ! በዚህ በር አይገባም!” በሩን ዘጋችው። ባሊውን ይዤ የኔታ ጋ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው፣ “ልጄ፣ በዚህ እጄ በገና እደረድራለሁ። በፆም አልነካውም” አሉ።

አጥሩ ሥር ተቀምጬ አነባሁ። ባሊውን ዝንብ ወረረው። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ውሃ ጨምሪበት፣ ይደር። ነገ ጠዋት ቢላ ይዘሽ እዚሁ ነይ። አልነካውም አልኩ እንጂ አላይም አላልኩም።”

ሐሙስ፣ መጋቢት 16

ኪዳነ ምሕረት ናት፤ የኔታ ከጠዋቱ ጸሎት መልስ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። እኔ ከዚህ ወገን፣ አንጀቱ እግሬ ሥር። በመቋሚያቸው ጫፍ እያመለከቱ ያስተምሩኛል።

“በስለቱ አይደለም፣ በጀርባው ፋቂው። ስቡ ይውጣ፣ ስስ ቆዳው ይቅር… ቀስ! ልትበጥሺው ነው እኮ… አሁን አክርሪው። አክርሪው ነው የምልሽ፣ ፀጉር አትጎንጉኚ!”

ሆዴ ባዶ ነው፤ ፆሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሽታው እንዳይገባኝ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አስሬያለሁ። አንዱ እንደ ትል ተልፈሰፈሰብኝ፣ ሌላው ተበጠሰ። የኔታ ከኔ ብሰው ተናደዱ። አንዴማ መቋሚያቸውን አጥሩ ላይ አቁመው እጃቸውን በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አደረጉ፤ ጣቶቻቸው አየር ላይ ሲያከርሩ አየኋቸው። ከዚያ ትዝ አላቸውና ሰበሰቡት። ሳቄን ዋጥኩ።

ስምንት ክር አወጣሁ። በሁለቱ የባሕር ዛፍ ግንዶች መሀል ወጥሬያቸዋለሁ። አባቴ ውሻውን አሰረልኝ።

አርብ፣ መጋቢት 17

ፀሐይ፣ ተመስገን። ደመና በመጣ ቁጥር አንገቴን እያቀናሁ ከአሸተን ተራራ በኩል ያለውን ሰማይ ሳይ ዋልኩ።

ክሮቹ ቢጫ ሆነው ደረቁ። ሽታቸው ጠፋ። የኔታ መጥተው በአጥሩ ማዶ ቆሙ፣ ከዚያ ዞረው በበር ገቡ። ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ በጣታቸው አንዱን ነካ አደረጉት።

ድምፅ አወጣ! ወፍራም፣ ጥሩ ድምፅ።

“ከደረቀ ወዲያ ሥጋነቱ ቀርቷል” አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። ቀጥለው ሁሉንም መቱ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ተኮሳተረ። “ይሄኛው ያኮርፋል፤ አውጪው።” አወጣሁት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 18

ጠዋት ቀበሌ፣ ለመንገድ የይለፍ ወረቀት። ሊቀመንበሩ፣ “ይሄ የቡርዧ ጨዋታ አይደለም ወይ?” አለኝ። “የፋብሪካ ላብ አደሮች ናቸው የሚጫወቱት ጓድ” አልኩት። አሰበና ፈረመ። 

ከሰዓት ወጠርነው። የኔታ ያዙ፣ እኔ ሳብኩ። ቋጠሮው እየሸሸ አስቸገረን። እማዬ ከበሩ ቆማ ስታየን ቆይታ ገባች፤ ስትወጣ የስፌት ወስፌዋን እጄ ላይ ጣለችው። የራኬቱ ጠርዝ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ወትፈን፣ እስክንቋጥረው ክሩ እንዳይሸሽ ያዝንበት። ደህና ሆነ። የድሮው ናይለን ነጭ፣ አዲሱ ቢጫ፤ እንደተጣፈ ሱሪ ነው የሚመስለው። ግድግዳው ላይ መታሁ። ያዘ! እንደገና መታሁ። ያዘ! 

የኔታ ሲሄዱ፣ “ይሄ የችኮላ ነው። ለፋሲካ ከራሴ በግ፣ በገዛ እጄ፣ ደህና አድርጌ እሠራልሻለሁ” አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 19

ዛሬ ገብርኄር ነው። የተነበበው ስለዚያ መክሊቱን መሬት ቆፍሮ ስለቀበረው ሰው ነው። በየዓመቱ የምሰማው ነገር ዛሬ ለኔ የተነገረ መሰለኝ፤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እማዬ ስለ ኃጢአቴ የማለቅስ መስሏት ደስ አላት። ከቅዳሴ በኋላ ሰይድ በሚሄድበት የጭነት መኪና እወጣለሁ። እሱ ደሴ ጨርቅ ሊያመጣ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 20

ጋሸና አደርን። ጠዋት መኪናው ላይ እንዳለን የበልጉ ዝናብ ወረደብን። የኔታ፣ “ውሃ ከነካው ይላላል፣ ልፋትሽ ገደል ይገባል” ብለውኝ ነበር። ነጠላዬን ጠቀለልኩበት፤ ነጠላዬም ራሰ። ሰይድ ራሱ የለበሰውን ላስቲክ አውልቆ ሰጠኝ። “ኧረ አንተስ?” ስለው፣ “ሰው ይደርቃል፤ እሱን ሸፍኝ” አለኝ። ወልድያ እስክንደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ራኬቱን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ደሴ ገባሁ። 

ማክሰኞ፣ መጋቢት 21

ለምርጫው የመጡት ልጆች ነጭ ጫማ አላቸው። ነጭ ካልሲ። እኔ የአባቴን ሸራ ጫማ ጨርቅ ጠቅጥቄበት። ራኬቴን አይተው ተሳሳቁ። አሰልጣኙ ወሰደው። “ይሄ ምንድን ነው?” “የበግ አንጀት” ስል ሳቁ ባሰ። እሱ ግን በጥፍሩ መታ መታ አደረገና፣ “ማን ሠራው?” አለ። “እኔ” አልኩ። ከዚያ ግን፣ “የኔታ አሳይተውኝ” ብዬ ጨመርኩ።

ያጋጠሙኝ ከአንዲት የክለቡ ልጅ ጋር ነው። ሰርቭ መታሁ፤ መለሰችው። እንዴት ብዬ ልጻፈው? መለሰችው! ግድግዳ ወደሚልከው ቦታ ሳይሆን፣ ሰው ወዳሰበው ቦታ። ሮጬ ደረስኩበት። እሷም ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ጫማውንም፣ ሳቁንም፣ ረሃቡንም ረሳሁ። ይህን ነበር ስናፍቅ የኖርኩት፣ ከማዶ ሆኖ የሚመልስልኝ ሰው።

የመጀመሪያውን ዙር እሷ፣ ሁለተኛውን እኔ። በሦስተኛው አንድ ክር ተበጠሰ፤ ከድሮዎቹ ናይለን ነው። የኛዎቹ አልተነኩም። በቀረው ተጫወትኩ፣ በትንሽ ተሸነፍኩ። አሰልጣኙ ደብተር ላይ አንድ ነገር ጭሮ ሄደ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 22

ስም ዝርዝሩ የክለቡ በር ላይ ተለጠፈ። ከላይ ጀምሬ ስወርድ የለሁም፣ የለሁም፣ የለሁም። መጨረሻው መስመር ላይ፦ ፈንታዬ፣ ከላስታ፣ ለሙከራ፣ እስከ ክረምት።

ሁለቴ አነበብኩት። ሰይድ አንዴ አንብቦልኝ በሦስተኛው አመንኩ።

አዲስ ራኬት ሰጡኝ፣ ናይለኑ የሚያብለጨልጭ። ልምምዱ ነገ ይጀመራል፤ ለፋሲካ ፈቃድ የለም። ዓመቱን ሙሉ ልውጣ ልውጣ ስል ኖሬ፣ ይህን ሲሉኝ የድሮውን ራኬቴን አንስቼ ብብቴ ሥር ያዝኩት። የፋሲካው በግ ሲታረድ እማዬ ጋ አልኖርም። ማታ ማታ በገናውን አልሰማም። ለክረምት ደግሞ ምን እንደሚሉኝ ማን ያውቃል።

ሰይድ ከሰዓት ይመለሳል። ለእማዬ ወስፌዋን፣ ለአባቴ ሰላምታ ላኩ። ለየኔታ ደግሞ እንዲህ በልልኝ አልኩት፣ “የፋሲካውን በግ አንጀት እንዳይጥሉብኝ።”