ሜርቪን ያለ መስመር የቆረጠው እንጨት

ይድረስ ለእህቴ ለቬርና፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየደገፍሽ ነው? የባልሽ የኮሊን ሳል ለቀቀው? በስልክ ስጠይቅሽ ሁልጊዜ «ደህና ነን» ብለሽ ታልፊኛለሽ፤ በወረቀት ማምለጥ አይቻልምና አንድ በአንድ ጽፈሽ መልሺልኝ። እናንተ በሞቃቱ ሰሜን፣ ብሩም ላይ፣ በዚህ ወር በጉርድ እጅጌ እንደምትውሉ አውቃለሁ። እዚህ ታዝማኒያ ግን ብርዱ ከባድ ነውና ሣሩ ጠዋት ጠዋት በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያነጋው፤ ምድጃዬም እንጨት አልጠግብ ብላለች። እኔ ዕድሜዬ ከሚፈቅደው በላይ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ትንሽ ደክሟል፤ እጄ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ለዚህም አምላክን አመሰግነዋለሁ።

ብዕር ያነሳሁት ስለ ውርጭ ላወራሽ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ልቤ እንደ ልጅ ሲፈነጥዝ ሰንብቷል፤ ላንቺ ካልነገርኩሽ አርፌ አልቀመጥም። ነገሩ የሜርቪንና የመጋዙ ነው። እንዳይምታታብሽ ከመነሻው ልጀምር።

በድሮው የፖም ማሸጊያ መጋዘን የምንሰበሰብ የእንጨት ሥራ ወዳጆች እንዳለን ታውቂያለሽ። የምንሠራባት መጋዝ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ስለቷ እንደ ክር የቀጠነ፣ ላይ ታች እያለች እንጨቱን እንደ ጥልፍ የምትፈለፍል ናት። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ሁሉም የሠራውን አምጥቶ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፤ ንድፉንም አጠገቡ ያስቀምጣል፤ የወደደው ገልብጦ ይወስዳል። ንድፍ መደበቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የተበላሸውም ይቀርባል፤ ሌላው በዚያው መንገድ ሄዶ እንዳያበላሽ።

እኔ እዚያ ምን እንደምሠራ ሳልነግርሽ ትገምቺያለሽ። አዲስ የሚመጡትን መስመር አስይዛለሁ። ንድፉ እንጨቱ ላይ ይለጠፋል፤ ስለቷም መስመሩን ተከትላ ትሄዳለች፤ ከመስመሩ የፀጉር ያህል የወጣ ሥራ እኔ ፊት አያልፍም። አስተማሪያችን ሚስ ፔቲግሩ ፊደላችን ከመስመር ሲወርድ ምን ታደርገን እንደነበር አንቺም አትረሺውም። ዴዝሞንድ የሚባል ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር አለ፤ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ከበር ስገባ ባየኝ ቁጥር «ተሰለፉ ጎበዝ፣ እትዬ ማስመሪያ መጡ» ይላል። እኔም ጠማማ ሥራውን አንስቼ ለቤቱ ሁሉ አሳየዋለሁ። አኗኗራችን እንዲህ ነው።

ሜርቪን ግን ከሁላችንም በላይ ነው። እሱ የፈለፈለውን የቅጠል ጅማት ብርሃን ላይ ይዘሽ ብታዪው እውነተኛ ቅጠል ይመስልሻል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ እዚያው መጋዘን ከሚያኖራት ከገዛ መጋዙ በቀር ብዙ ወዳጅ የለውም። ባለፈው ዓመት ታዲያ የዓይኑ መሃል እየጠፋ መጣ። ከዳር ከዳሩ ያያል፤ አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ሲያሳርፍ ግን ያው የሚፈልገው ቦታ ይጨልምበታል። ሐኪሞቹም እንደማይመለስ ነግረውታል። ልጁ ጃኔል ከሆባርት ከተማ እየተመላለሰች ትጠይቀዋለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ነገር ግን አባቷ በዳበሳ እጁን ወደ ስለቱ ሲያስጠጋ ያየች ቀን ክው አለች። በኦገስት ስብሰባችን ዕለት መጥታ መጋዟን እንደምትወስድና ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ ቁርጡን ነገረችው። ሜርቪን ይህን ሲያወራን ቀና አላለም።

«መጋዟ ከሄደች ጠዋት ለምን እንደምነሳ እኔ እንጃ» አለ።



ከዚያን ቀን ጀምሮ መጋዘናችን የሐሳብ ገበያ ሆነ። አንዱ እንደ ኳስ ሜዳ የሚያበራ መብራት ተሸክሞ መጣ፤ ሜርቪን ብርሃኑ ይብስ አሳወረኝ አለ። ሌላዋ ንድፉን በጥቁር ወረቀት ላይ በወፍራም ነጭ መስመር ሣለችለት፤ መስመሩ ከመወፈሩ የተነሳ በየትኛው ጠርዝ እንደሚሄድ ጠፋው። ዴዝሞንድ ከነሐስ ሽቦ በስለቱ ዙሪያ የምትቆም ቀለበት ሠራ፤ ጣት ስለቱን ከመንካቱ በፊት ቀለበቷን ይነካል። ሐሳቡ ወርቅ ነበር፤ ሥራው ግን ጠማማ ስለሆነ ደጋግሜ አስፈታሁት። «እትዬ፣ ቀለበቱ ለጣት መጠበቂያ እንጂ ለሠርግ አይደለም» እያለ ቢያጉረመርምም በመጨረሻ ቀጥ ያለ ነገር ሠራ። የእግር ፔዳልም ገጠመላት፤ ሜርቪን እግሩን ያነሳ እንደሆነ መጋዟ ወዲያው ትቆማለች።

እጁ ከአደጋ ዳነ። መስመሩ ግን አሁንም አልታይ አለው። የእኔ ሐሳብ ክር ነበር። በንድፉ መስመር ላይ ስስ ክር በሙጫ ለጠፍኩለት፤ ዓይኑ ያጣውን በጥፍሩ እንዲከተል። ሌሊት ሳስበው የረቀቀ ነገር መስሎኝ ነበር። ሜርቪን የኩካቡራ ወፍ ንድፍ መርጦ ጀመረ። ጀርባውን አልፎ፣ ራሱን ዞሮ፣ ምንቃሩ ጋ ሲደርስ እንጨቱን የሚይዘው የመጋዟ እግር ክሩን ነክሶ ጎተተው። ሜርቪን ክሩ የሄደበትን ተከትሎ የወፊቱን ምንቃር ቆርጦ ጣለ። እግሩን ከፔዳሉ አነሳ።

«በቃኝ፣ ኢኒድ። መስመር የሚከተል መስመር ማየት አለበት» አለኝ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ግን ደንብ አክባሪ ሰው ነውና የተቆረጠውን ምንቃርና የቀረውን ወፍ ይዞ ሄዶ ከተበላሹት ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። እኔም በራሴ ተናድጄ፣ ክሩ የት ላይ እንደተነሳ ለማየት ሁለቱን ቁራጮች አንስቼ አጋጠምኳቸው። ቬርና፣ ገጠሙ። ያ የተወላገደ፣ ያበደ ቆረጣ በጣቴ ስዳብሰው ስፌቱ እንኳ አይገኝም። ስለቷ የቱንም ያህል ብትሳሳት በሁለቱም ወገን እኩል ነው የምትሳሳተው፤ ስለዚህ በመካከላቸው ክፍተት የለም። ይህን ስንት ዘመን በዓይኔ እያየሁት አላሰብኩትም።

«ሜርቪን፣ መስመሩን ተወው» አልኩት።

ዴዝሞንድ ስኮን የሚሉትን ትንሽ ዳቦ የያዘ እጁ ወደ አፉ ሳይደርስ ቀረ። «ሐኪም ጥሩ» አለ፤ «እትዬ ማስመሪያ መስመር ተወው አሉ።»

«አንተ ዝም በል። ሜርቪን፣ ወፍ ምን ይሠራልሃል? ገጣጥሞሽ ቁረጥ። ልጆች በትነው መልሰው የሚገጥሙትን ማለቴ ነው። እሱ ንድፍ አይፈልግም። የአንዱ ቁራጭ ጥፋት የጎረቤቱም ጥፋት ስለሆነ ምንጊዜም ይገጥማል።»

ሜርቪን ሁለቱን ቁራጮች ተቀብሎ ዳበሳቸውና «ታዲያ ጠማማነቴን ሁሉ ይችልልኛል ማለት ነው?» አለ።

«እንዲያውም ጠማማ ካልሆነ አይያያዝም» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን አንቺም አታምኚም።

የዚያኑ ዕለት ከሰአት መርትል ከሚባለው ዛፍ በወጣ ቀይ ጣውላ ላይ ጀመረ። ሥዕል አልለጠፈበትም፤ ባዶ እንጨት ነው። ቁራጮቹ የሚያያዙባቸውን ጉጦች በእጁ አንጓ እያዞረ ያወጣቸዋል፤ ገባ፣ ዞር፣ ወጣ። ስለቷ ስትጨነቅ ድምጿ ይቀጥናል፤ ዘና ስትል ይወፍራል፤ እሱም ያንን እየሰማ ነው የሚገፋው። ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚሠራ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። ስጠይቀው፣ ገልጦ ማየት እየረበሸው እንደሆነ ነገረኝ። ሁላችንም ሥራችንን ትተን ከበን ቆመን ነበር፤ ሻዩ በየኩባያው ቀዘቀዘ።

የኦገስቱ ቅዳሜ ደረሰ። ጃኔል መጋዟን የምትጠቀልልበት ብርድ ልብስ በክንዷ ይዛ ገባች። ሁሉንም በጨዋ ደንብ ሰላም አለች፤ ፊቷ ግን ቁርጥ ያለ ነበር። ሜርቪን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክምር የተበተነ እንጨት አስቀምጦ ነበር፤ በልክ እኩል የሆኑ ሁለት ጣውላዎች ቆርጦ።

«መጋዟን ተሸክመሽ ከመሄድሽ በፊት አንዱን ግጠሚልኝ፤ ሌላውን እኔ እገጥማለሁ። ከቀደምሽኝ ራሴ መኪናሽ ላይ እጭናታለሁ» አላት።

«አባዬ፣ በዚህ ሐሳቤን አልለውጥም።»

«ግድ የለም፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ፣ ሁሉም ቁራጭ አንድ ዓይነት ቀይ። አንዱን ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ አልሆን ሲላት ትጥላለች። ሜርቪን ግን ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርግና ቦታው ላይ ያሳርፈዋል። የሚሰማው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ብቻ ነው። ዴዝሞንድ «ጃኔል፣ አይዞሽ፣ እስከ ገና ትጨርሻለሽ» ብሎ ሊያሾፍ ሲሞክር በክርኔ ጎሸምኩት። ሜርቪን የመጨረሻዋን ቁራጭ ሲያስገባ እሷ ከአንድ ማዕዘን አላለፈችም።

ሜርቪን አሸነፍኩሽ፣ ቀደምኩሽ አላለም። «ዓይንሽን ጨፍኚ» ብቻ አላት።

«አባዬ፣ አትቀልድብኝ።»

«ጨፍኚ ልጄ።»

ጨፈነች። ጣቷን ይዞ በቁራጩ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ ወሰደው፤ ከዚያ በክምሩ ላይ ተዋት። ፈለገች፣ ዳበሰች፣ አንዱን አነሳች፣ አስጠጋች። ቀጭ አለ። ሌላ ፈለገች፤ ያም ገጠመ። ዓይኗን የምትገልጥ መስሎን ስንጠብቅ አልገለጠችም፤ እንደጨፈነች ነው እንባዋ የወረደው።

ከዚያ ሲቆርጥ ማየት እፈልጋለሁ አለች። ቆረጠላት። በነሐሱ ቀለበት ዙሪያ የገዛ ጣቷን አስገብታ ፈተነች፤ ፔዳሉንም አስነሳችው፣ አስረገጠችው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ ኢኒድ፣ እርስዎ ሰው ለማስደሰት እንደማይናገሩ አውቃለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሥራው እውነት ጥሩ ነው? ወይስ አባቴ አሳዝኗችሁ ነው?»

ሜርቪንም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ይህን አይቼ እንደ ወትሮዬ አደረግኩ፤ መነጽሬን ጠረግኩ፣ የገጠመውን ጣውላ አነሳሁ፣ በአንድ ጠርዝ ብቻ ይዤ አቆምኩት። አንድም ቁራጭ አልወደቀም። ጥፍሬን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬድኩበት።

«ልጄ፣ እኔ አዝኜለት ያሳለፍኩት ሥራ የለም፤ ዴዝሞንድን ጠይቂው። ይህ እንጨት አንድም ቀጥ ያለ መስመር የለውም፤ አንድም እንከን አላገኘሁበትም» አልኳት።

ሜርቪን ሳቀ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር። ጃኔል ብርድ ልብሱን ዘርግታ የአባቷ ጉልበት ላይ ጣለችው፤ መጋዘኑ ይበርዳልና። «ብቻህን ግን አትሠራም» አለችው። ዴዝሞንድ ማክሰኞን ለራሱ ያዘ፤ እኔ ሐሙስን ያዝኩ፤ የቀሩትን ቀናት ሰዎቹ ተሻሙባቸው። መጋዟም ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብታዪ። የሜርቪን ገጣጥሞሽ ንድፍ ስለሌለው ጠረጴዛው ላይ ምን እናስቀምጥለት ብለን ተከራከርን፤ በመጨረሻ እሱ ራሱ አጠገቡ ተቀምጦ የፈለገውን ሰው እጅ ይዞ እንዲያሳይ ወሰንን። ሰልፍ ሆነ። ከወንዙ ማዶ ያሉት የእንጨት ሥራ ወዳጆችም ሰምተው ሊመጡ ነው። አንዷ ጣውላው በሁለቱም ፊቱ እንዲገጥም የማድረግ ሐሳብ አምጥታለች፤ ዴዝሞንድ ደግሞ ቁራጮቹ በጠረናቸው እንዲለዩ ከአራት ዓይነት እንጨት እናጣብቀው ይላል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ የሚረባ ነገር ተናገረ። እኔም ሐሙስ ዕለት ሜርቪን አጠገብ ተቀምጬ ያለ መስመር ሞከርኩ። እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ቀጥ ብዬ ሄድኩና ቁራጮቹ ሁሉ ሳይያያዙ ተበታተኑ። ሜርቪን ዳበሰና «ኢኒድ፣ ይህ የተበላሹት ጋ ይሄዳል» አለኝ። ደንብ ነውና ወስጄ አኖርኩት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ሣጥን ልኬልሻለሁ። ውስጡ ያለው ሜርቪን ሳልጠይቀው «ለእህትሽ ነው» ብሎ የቆረጠው ነው። ሥዕል የለውም፤ የቱ ፊቱ ነው ብለሽ አትፈልጊ። እራት ከበላችሁ በኋላ ጠረጴዛው ላይ በትናችሁ ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግጠሙት።

ኮሊንን በጣም እንደናፈቀኝ ንገሪልኝ፤ ዓይኑን በስርቆት የሚገልጥ እሱ ስለሚሆን መሃረብ እሰሪለት። ልጅሽ ራስል ከመርከቡ በደህና እንዲመለስ እጸልያለሁ፤ ሚስቱን ማሪካን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለልጃቸው ለታማራ፣ ያልተሳለ ነገር መሥራት እንደሚቻል የአያትሽ እህት በዚህ ዕድሜዋ ተማረች በያት። ውሻችሁንም በራሴ ስም እከኪልኝ። ሜርቪን፣ ዴዝሞንድና ጃኔልም ሳያውቁሽ ሰላም ብለውሻል። አንቺን እጅግ አድርጌ እስምሻለሁ፤ ጉልበትሽን በሙቅ ውሃ ያዢው።

ታላቅ እህትሽ፣
ኢኒድ

ጂቨስተን፣ ታዝማኒያ
ኦገስት 11 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.